ተረኛው ትከሻህን ሳይነካ

የመቶው ጦር በሙሉ ለቅቆት የወረደውን ኮረብታ ብቻዬን ይዤ የቆየሁ ሰው ነኝ። ከባሕር ዳር እስከ ቆላ ድባ ጣናን ዙሪያውን ዞራችሁ ብትጠይቁ፣ በደርግ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሌላ የጓድ መሪ አታገኙም። ጄኔራሎቹ በጊዜው ሰምተው ቢሆን ኖሮ ኮከባቸውን ከትከሻቸው ነቅለው በፖስታ ይልኩልኝ ነበር።

ከዚህ ውስጥ ሐሰት የለበትም። ችግሩ ኮረብታውን የያዝሁት ሳላውቅ መሆኑ ነው። ጓዱንም የመራሁት ከምሳ እስከ ማታ ብቻ ነው፤ ከዚያችም ጊዜ እኩሌታውን ጓዴ የት እንዳለ እኔ አላውቅም፣ እኔ የት እንዳለሁም ጓዴ አያውቅም ነበር።

ይህን የሚያስጽፈኝ የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ናት። በቅርቡ ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ባለው መሥሪያ ቤቷ የቡድን መሪ ተብላ ተሾመች። ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት እሷ ከሳች። ከሥሯ ካሉት አንዱ በዕድሜ አባቷ ይሆናል፤ አንዷ አኩርፋ ነው የምትውለው፤ አንዱ ደግሞ የታዘዘውን ሁሉ እሺ ይልና አንዱንም አይሠራም። እሑድ እቤት መጥታ፣ «አጎቴ፣ አንተ ጦር ሜዳ ሰው መርተህ የለም? እንዴት ነው የሚመራው?» አለችኝ። በቀልድ ሸኘኋት፤ መልስ ስላልነበረኝ። ዛሬም የለኝም። የሆነውን ግን እንደሆነ ልጻፍላትና፣ እሷና እኩዮቿ የሚረባ ነገር ካገኙበት ይውሰዱ።

እኛ በሞያችን ወታደሮች አልነበርንም። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ፈትል ክፍል የምንሠራ ሠራተኞች ነበርን። ጦርነቱ ወደ ጣና ሲጠጋ ከየፈረቃው ሰው ተለቀመ። ጠመንጃ መፍታትና መግጠም በጥድፊያ ተማርን፤ እኔ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ ብረት ይተርፈኝ ነበር። የአንድ ክፍል ሰዎች ስለሆንን አንድ ጓድ አደረጉን። ጓድ ማለት ከመቶ በታች ያለችው ትንሿ ክፍል ናት፤ አንድ ድስት ወጥ የሚበቃት።

መሪያችን ሃምሳ አለቃ ደበላ የሚባሉ የወለጋ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ከምሽግ ምሽግ ሲዛወሩ የፈጁ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ። ሲያዙ ድምፃቸው ከጢማቸው አያልፍም። የሚሉትን ለመስማት ጠጋ ማለት ግድ ነበር፤ ጠጋ ያለ ሰው ደግሞ ዓይናቸውን ማየቱ አይቀርም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አይባቸው ነበር። እኔ መሪ ብሆን ባሕር ዳር ላይ ስናገር ጎርጎራ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ይሰለፋሉ እያልሁ ሰዉን አስቅ ነበር።

አሁን የፈትል ክፍሉን ልማድ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከእርሱ ይመጣል። እዚያ ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን ሰው በአፍ አይግባባም። ፈረቃ ሲቀየር ማሽኑ አይቆምም። ወጪው፣ ገቢው መጥቶ ትከሻውን እስኪነካው ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ሲነካው ይዞርና በጣቱ ያሳየዋል፤ ይኸኛው ክር ይበጥሳል፣ ያኛው ይንቀጠቀጣል እያለ። ገቢው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማሽኑም የማሽኑም ጣጣ የገቢው ነው፤ ወጪው ዞር ብሎ አያይም።

ምሽግ ስንገባ ይህንኑ ልማድ ይዘነው ገባን። ያዘዘን የለም፤ እጃችን ሌላ አያውቅም። ሃምሳ አለቃ ጥቂት ቀን ዝም ብለው አዩንና፣ ማሠልጠኛ ከተማሩት ይኸኛው እንደሚሻል ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። ቃፊር የወጣ ሰው፣ ማለትም ከምሽጉ ፊት ለብቻው ወጥቶ የሚጠብቀው፣ ተረኛው ትከሻውን ሳይነካ ማንም ቢጠራው አይነሣም። ሃምሳ አለቃ ደግሞ ተረኛውን ብቻውን ልከው አያውቁም። በዝናብም በጭቃም አብረው ይሄዱና ሲረካከቡ ቆመው ያያሉ። እኔ እንቅልፍ አልወስድ ያላቸው ሰው ናቸው ብዬ አስብ ነበር።

በክረምት አንድ ማለዳ ተነሡ ተባልን። ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። ያልተነገረውን ወሬ ሞላው፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደው ገላችንን ሊያሳጥቡን ነው ተባለ። ፈንታ አመነ። ፈንታ ፋብሪካ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ማሽን ይሠራ የነበረ፣ የሰው ወሬ ሁሉ እውነት የሚመስለው ደግ ሰው ነው። ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አንድ ሙሉ ሳሙና ኪሱ ከተተ፣ ፎጣውንም አንገቱ ላይ ጠመጠመ።

«አንተ ሳሙና ይዘሃል?» አለኝ።

«እኔን ጣና ነው ያሳደገኝ፤ ሳሙና ምን ያደርግልኛል?»

«ለዚህ ነዋ ዓሣ ዓሣ የምትሸተው።»

ወንዛዬ አልደረስንም። ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄድን ወደ ሐይቁ ታጠፍን፣ አንዲት ኮረብታም ላይ ወጣን። ስሟን ስለማናውቅ ጎባጣ አልናት። አናቷ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ከታች ደንገሉና ውሃው። ያዟት ተባለና መቆፈር ጀመርን። ጥቂት እንደቆፈርን ውረዱ ተባለ፣ ወረድን። ከታች ስንደርስ ማን ውረዱ አላችሁ ተባልን፣ ወጣን። የመቶ አዛዣችን ጢም ያላበቀለ ምክትል መቶ አለቃ ነበር፤ ከሬድዮው ጋር ሌላ ጉብታ ላይ ሆኖ የሚሰማውን እየላከ ነው፤ የሚሰማው ግን እንደ ሽሮ መንተክተክ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ላይ ጉም ወረደ። ያን ቀን ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ ሰው ኮፍያውን ቢሰቅልበት ይይዝለት ነበር።

ከቀትር በፊት ኑርዬ ቃፊር ወጣ። ኑርዬ የሐይቅ ዳር ልጅ ነው፤ አባቱና አጎቶቹ ጀልባ ይሠራሉ። እልኸኛ ነው። ፋብሪካ እያለን አንድ ቀን ቀያሪው ታሞ ቢቀር፣ ትከሻዬን የነካኝ የለም ብሎ ሁለተኛውን ፈረቃ ምሳ ሳይበላ ቆሞ የጨረሰ ሰው ነው። ሃምሳ አለቃ ከሾላው ወዲያ ማዶ ወዳለች ቁጥቋጦ ወሰዱት፣ አስቀምጠውት ተመለሱ። ከእርሱ ቀጥሎ ተራው የፈንታ ነበር፤ ከፈንታ ቀጥሎ የእኔ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ኮቾሮ፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ እያኘክን ነው። ፉጨት ሰማን። ሞርታር። የመጀመሪያው ጣና ገባ። ሁለተኛው ሾላው ሥር ወደቀ። ሦስተኛው እኛ ዘንድ መጣ። ጭቃው ወደ ላይ ወጣ፣ ተመልሶም ወረደ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ፈንታ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ ምሽጉ ውስጥ ጋደም ብሏል። ጠራነው፤ አልተነሣም። ሃምሳ አለቃ ጀርባቸውን ለአፈሩ ሰጥተው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

«አለልኝ» ብለው በስሜ ጠሩኝ። እንደ ወትሮው ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ጠጋ አልሁ።

«ሰዎቹን ተረከብ።»

እኔን የመረጡኝ በሌላ አይደለም፤ ቅርባቸው የነበርሁት እኔ ነኝ። እጄን ትከሻቸው ላይ አኖርሁና፣ «ተቀብያለሁ» አልሁ። ጣታቸውን ወደ ሾላው ቀሰሩ። ጥይቱ የመጣበትን የሚያሳዩኝ መሰለኝ። እንደ ፋብሪካው ልማድ ራሴን ነቀነቅሁ። ምን እንደተቀበልሁ ግን አልጠየቅሁም። ማሽን ቢሆን ኖሮ የትኛው ክር እንደሚበጥስ ሳላይ አልረከብም ነበር።

ወዲያው አንድ መልእክተኛ ከጉሙ ወጣ። መቶው ለቅቋል፣ ወደ ዳር ውረዱ ብሎን ተመልሶ ጉሙ ገባ። እነሆ ጊዜዬ ደረሰ። ደረቴን ነፋሁና «ተከተሉኝ» አልሁ፤ ያን ድምፅ ኮረብታው ራሱ ሊከተለኝ ምንም አልቀረው። ሃምሳ አለቃን በብርድ ልብስ ተሸከምን። ፈንታን ፊቱን በፎጣው ሸፍነን፣ ተመልሰን እንወስደዋለን ብለን ተውነው። ወረድን። የሚተኩስብን የለም፤ የሚታይም የለም። እኔ ግን ከፊት ሆኜ በግራ፣ በቀኝ፣ ጎንበስ፣ ቀና እያልሁ አዝዛለሁ። እንዲህ እየመራሁ ሳለሁ ውሃው ጉልበቴ ደረሰ።

«አለልኝ» አለ ከኋላዬ ጥላሁን የሚባል ረጅም ልጅ፣ «ጎንደር ድረስ በዋና ነው የምታሻግረን?»

ተመልሰን ደንገሉ ዳር ተቀመጥን። ሃምሳ አለቃን አጋደምናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ዓይናቸውን ገልጠው አንድ በአንድ አዩን፤ ሲያዩን እንደሚቈጥሩ ያስታውቃል። ከዚያ በዚያች ድምፃቸው፣ «ኑርዬን ማን ቀየረው?» አሉ።

ሰው ሁሉ እኔን አየ። ሃምሳ አለቃ መልሱን ሳይሰሙ ዐረፉ።

ኑርዬ ጎባጣ ላይ ነው። ጦሩ ሁሉ ቢለቅ፣ ባሕር ዳርም ቢለቅ፣ ትከሻውን የነካው ሰው ሳይኖር እንደማይነሣ ሁላችንም እናውቃለን። ሃምሳ አለቃ ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ እርሱ ኖሯል።

ጥላሁንን ሂድና ጥራው አልሁት።

«ብጠራው አይመጣም» አለ። «ተራው የማን ነበር?»

«የፈንታ።»

«ከፈንታስ ቀጥሎ?»

ያውቃል። ሁሉም ያውቃሉ። ከዚህ ሆኜ ብጣራስ፣ ድምፄ ይደርሳል አልሁ። ሞርታሩም ይሰማሃል አሉኝ። የሚቀጥለውን ሰዓት አሁን ጥሩ አድርጌ ላስውበው እችል ነበር፤ ለብዙ ዓመትም እያሳመርሁ አውርቼዋለሁ። እውነቱ ግን ሰዉ አፍጥጦ ስላየኝና ከዚያ ዓይን መራቅ ስለፈለግሁ ነው የተነሣሁት።

ዝናብ ጀመረ። ሽቅብ ስወጣ የልቤን ምት የሰማ ጠላት ታንክ መጣ ብሎ ሳይሸሽ አልቀረም። ምሽጋችን ዘንድ ስደርስ ፈንታ እንደተውነው አለ። ዝናቡ ፎጣው ላይ ይወርዳል። ፊቴን አዙሬ አለፍሁት። ከሾላው ወዲያ በደረቴ ተሳብሁ፣ መንገዱ ሁለት ጊዜ ጠፋኝ፣ በሦስተኛው ቁጥቋጧን ራሷን ገጨኋት።

ኑርዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ወደ ጉሙ ያያል። እጄን ትከሻው ላይ አኖርሁ። አልደነገጠም።

«ፈንታ፣ ዘገየህ» አለ ሳይዞር።

«እኔ ነኝ። ፈንታ አይመጣም።»

ዞሮ ፊቴን አየ። እንዴት ብሎ አልጠየቀኝም። «ሃምሳ አለቃስ?» አለ።

«እሳቸውም።»

ውሃውን ከፊቱ በእጁ ጠረገ። «ታዲያ አሁን መሪው ማን ነው?»

«እኔ።»

«አንተ?» አለ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየኝ። «እንግዲያማ ጠላት በሳቅ አለቀልን።»

ከዚያ ልማዱን ቀጠለ። በጣቱ እያሳየ፣ «ከዚያች ጉብታ በኩል ሁለቴ ሳል ሰምቻለሁ። በግራ ያለው ኮሽታ ዝንጀሮ ነው፣ እንዳትተኩስበት። ተቀበልህ?»

«ተቀበልሁ።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ኑርዬ ክላሹን አንሥቶ ሄደ። ዞር ብሎም አላየኝ። ለቅቀናል፣ ና እንውረድ ልለው ነበር የመጣሁት። አፌ ግን የስንት ዓመት ልማዱን አስቀደመ። ስዞር ጉሙ ውጦታል። ልጣራ ብል የሚያስለው ሰውዬ አለ።

ተቀመጥሁ።

አስቡት። እንዳልነሣ ቦታውን ተቀብያለሁ። እንዳልቀመጥ ጓዴ ታች ነው። ቀጣዩን ተረኛ መድቦ የሚልከው የጓዱ መሪ ነው፤ የጓዱ መሪ ደግሞ ቁጥቋጦ ሥር ቃፊር ተቀምጧል። ይህን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አሰብሁት፤ መውጫ የለውም። ሬድዮ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ግራ እየገባው ይሆን ትእዛዝ የሚሰጠን ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ጢም አልባ ምክትል መቶ አለቃ አዘንሁለት።

በዚህ መካከል ያ ሳል ቀረበ። የብዙ ሰው እግር ነው። ድንጋይ ብወረውር የምደርስባቸው ቦታ ቆሙ።

«እዚህ ነው ያሉን?» አለ አንዱ።

«እኔ ምን አውቄ። አንተ አይደለህ የመራኸን?» አለው ሌላው።

ከዚያ እግራቸው ወደ መጣበት ተመለሰ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበረ፤ አልተኮስሁም። በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ ርኅራኄ ነው እል ነበር። ርኅራኄ አይደለም። ያ የመራቸው ልጅ እኔን መሰለኝና ግራ ገባኝ።

ታች የሆነውን ጥላሁን ነው የነገረኝ። ኑርዬ ምሽጉን ባዶ ቢያገኘው ፈንታ ዘንድ ቁጭ ብሎ ቆየና ዱካችንን ይዞ ዳር ድረስ ወረደ። አለልኝስ ሲሉት፣ ቃፊር ላይ ነው፣ አስረክቤው መጣሁ አላቸው። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ፣ ሃምሳ አለቃ አጠገብ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እንሂድ ያለ የለም። ሁለቱ ሃምሳ አለቃን ሊጠብቁ ቀሩ፤ የቀሩት ግን በአንድ ጊዜ ተነሡ። ያ ጓድ በእኔ የመሪነት ዘመን ደኅና አድርጎ የሠራው ያኔ ነው፤ እኔ በሌለሁበት።

ትከሻዬን የነካኝ ጥላሁን ነው። ተረኛ ነኝ፣ ግን አልቀመጥም፣ ተነሥ አለኝ። ተነሣሁ።

ፈንታን በብርድ ልብስ አድርገን ተሸከምነው። ዝናቡ በርትቶ ነበር። መንገድ ላይ በእኔ በኩል እጄን የሚያዳልጥ ነገር መጣ። ዝቅ ብዬ ባይ ከኪሱ በልብሱ ላይ ነጭ አረፋ ይወጣል። ሳሙናው ነው። ዝናቡ አርሶት፣ ኮረብታውን እስክንወርድ ድረስ አረፋ እየደፈቀ፣ እየታጠበ ወረደ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጉሙ ተነሣ፣ ምክትል መቶ አለቃው ከኮረብታው ግርጌ አገኘን። ፊቱ በርቷል። ልቀቁ የተባለው የቀኙ ጉብታ እንጂ ጎባጣ እንዳልነበረ፣ መልእክተኛው ተሳስቶ መቶውን ሁሉ እንዳስለቀቀ፣ እርሱም የበላይ ሲጠይቀው ጎባጣ ተይዛለች ብሎ በድፍረት እንደመለሰ ነገረን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለቅቃችሁ ነበር እንዴ አለ።

«አንድ ሰው አልጠፋባትም» አለው ኑርዬ።

እውነት ነው። ከቀትር በፊት ጀምሮ ፈንታን ይዘን እስክንወርድ ድረስ አንድ ሰው አልጠፋባትም። መሪያችሁ ማን ነው ቢል ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ፤ ጥላሁን በአገጩ፣ ኑርዬ በዓይኑ። መኮንኑ ጭቃ በጭቃ የሆነውን እጄን ጨብጦ፣ እንዲህ ያለ መሪ ነው የሚያስፈልገን አለኝ። ደረቴ ወደ ፊት መጣ። ትዕግሥት፣ አንቺንም እንዲህ ሲሉሽ ይመጣልና ተጠንቀቂ።

ያን ቀን የሞቱብን ሁለት ናቸው። ሃምሳ አለቃ ደበላ፣ ሁላችንንም በዓይናቸው ቆጥረው አንድ መጉደሉን ያወቁት። ፈንታ፣ ወደ ፍል ውሃ የሚሄድ የመሰለው። ሁለቱን ከሐይቁ ከፍ ባለ ደረቅ መሬት ላይ ጎን ለጎን አሳረፍናቸው። ሰው መምራት ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም። ሃምሳ አለቃ ግን ያውቁት ነበር፤ ያ ዝቅ ያለ ድምፃቸው ጠጋ ያደርገን የነበረው ለዚህ ይሆናል። ሳልጠይቃቸው ተቀበልሁ።

መኮንኑ ለቤተሰብ የሚነገር ነውና የሟቾቹን ስም አስመዝግቡኝ አለ። የሃምሳ አለቃን ያውቀዋል። «ሁለተኛው?» አለኝ።

«ፈንታ።»

«ፈንታ ማን?»

አፌን ከፈትሁ። ኑርዬ ጥቂት ጠበቀኝና፣ «ተገኘ፤ ፈንታ ተገኘ» ሲል ስለ እኔ መለሰለት።

ከፈንታ ጋር ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመን ፈትለናል። ከምሳ ዕቃው በልቻለሁ። ሠርጉ ላይ ጫማዬ እስኪቀደድ ጨፍሬያለሁ። የአባቱን ስም አላውቅም ነበር።